የልብሽ ክኒን ያለው በማን እጅ ነው?

እህቴ፣ የልብ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ክኒንሽ አሁን የት ነው ያለው? ቦርሳሽ ውስጥ ነው? ክፍልሽ ውስጥ ነው? ወይስ መዳም ጋ፣ «ልጆች እንዳይነኩት» ተብሎ የተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ?

የእኔ ሁለት ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ሐኪም አይደለሁም። ጃብሪያ በሰው ቤት ስሠራ ቆይቼ፣ አሁን በትርፍ ጊዜዬ እህቶችን ወደ ሕክምና የማደርስ፣ አረብኛ ሲቸግራቸው የማስተረጉም በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ስንት ሚሊግራም መውሰድ እንዳለብሽ አልነግርሽም፤ ያ የሐኪምሽ ሥራ ነው። የእኔ ሐሳብ አንድ ነው፦ የልብ ክኒን መያዝ ያለባት ልቧ የታመመባት ሴት ራሷ ናት። ለምን እንደዚህ እንደምል ልንገርሽ።

ያ ሐሙስ

ሕመሜን ያወቅሁት እዚሁ ኩዌት ነው። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር፤ የሥራ ድካም ነው ብዬ ተውኩት። አንድ ሌሊት ግን ልቤ ዝም ብሎ መሮጥ ጀመረ። ይሮጣል፣ ይዘላል፣ የቆመ ይመስለኛል፣ እንደገና ይሮጣል። በነጋታው ሐኪም ቤት ተወሰድኩ፤ ኢሲጂ ተነሳሁ፣ በአልትራሳውንድም ታየሁ። «ልጅ ሆነሽ ጉሮሮሽን ያምሽ ነበር?» ተባልኩ። እንዴት አያመኝም! ቶንሲል በየጊዜው ነበር፤ እንጥሌንም ተቆርጫለሁ። ለካ ያ የልጅነት ቶንሲል ነው ዓመታት ቆይቶ የልቤን ቫልቭ፣ ማለትም ደም የሚያልፍበትን በር፣ ያጠበበው። በሩ ሲጠብ ምቱም ተዘበራረቀ።

ሁለት ዓይነት ክኒን ታዘዘልኝ። አንዱ ቢሶፕሮሎል ነው፤ ምቱን ያዘገያል። ሌላው ዋርፋሪን ነው፤ ደም ልብ ውስጥ ረግቶ ወደ ጭንቅላት እንዳይሄድ ይከላከላል። ሁለቱንም ማታ ማታ እወስድ ነበር። መዳሜ መሳቢያውን ትከፍትና በእጄ ታደርግልኛለች።

አንድ ሐሙስ ቤተሰቡ ወደ ሻሌ ለመሄድ ተነሳ። ኪራን ነው፣ ከከተማ ራቅ ይላል። ምግቡን፣ የልጆቹን ልብስ፣ ከሰሉን ሁሉ መኪና ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ማታ ላይ ነው ክኒኑ ትዝ ያለኝ። ጃብሪያ ቀርቷል፤ ቁልፉ ደግሞ መዳም ቦርሳ ውስጥ ነው። እንግዳ ሞልቷል፣ እሷም ሥራ ላይ ናት። ስለ ክኒን ብዬ ሰው ከመንገድ ልመልስ? አፈርኩ፣ ፈራሁም። ዝም አልኩ። ሐሙስ አለፈኝ፣ ዓርብ አለፈኝ። ቅዳሜ ማታ ስንመለስ፣ «የሦስት ቀን ዕዳ አለብኝ» ብዬ መዳምን ለመንኩና ሁለቱንም ሦስት ሦስት ዋጥኩ።

እሑድ ጠዋት ጣራ ላይ ልብስ ሳሰጣ ዓይኔ ጨለመ። ያገኘችኝ አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒናዊት ናት። ሐኪም ቤት ስደርስ ልቤ በጣም ቀስ ብሎ ነበር የሚመታው፤ የደም ግፊቴም ወርዷል። ሐኪሙ «ሦስት ውሰጂ ያለሽ ማን ነው?» አለኝ። ማንም አላለኝም። «አትውሰጂ» ያለኝም አልነበረም።

መዳሜ ክፉ ሰው አልነበረችም። እንዲያውም ታስታውሰኝ የነበረችው እሷ ናት። ይህን የምለው ሆን ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ ስለ ክፉ አሠሪ ስናወራ፣ ደግ አሠሪ ካለችን ችግር የለም ብለን እናስባለን። ደግ ሰውም ይረሳል፤ እንግዳ ይመጣበታል፣ ሻሌ ይሄዳል። የእኔ ልብ ደግሞ የሷን ፕሮግራም አያውቅም።

እንደ ፓናዶል አይደለም

ራስ ምታት ሲያምሽ ፓናዶል ትወስጃለሽ፤ አንዱን ብትረሺ ራስሽን ያምሻል፣ በቃ። የልብ ምት መድኃኒት ግን ሌላ ነው። በሚረዳው መጠንና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት በአንዳንዶቹ ላይ በጣም ጠባብ ነው።

ዲጎክሲን የሚባለውን ተመልከቺ፤ አገር ቤትም ብዙ ሰው ያውቀዋል። ትንሽ ሲበዛ መጀመሪያ የሚታየው የልብ ሕመም አይደለም። ምግብ ያስጠላል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያስታውካል፣ ነገር ቢጫ ወይም አረንጓዴ መስሎ ይታያል። ሴትየዋ «ሆዴን በረደኝ» ብላ ዝንጅብል አፍልታ ትጠጣለች፤ ክኒኑንም መውሰድ ትቀጥላለች። ተቅማጥና ትውከት ሲበረታ ወይም ውሃ የሚያሸና መድኃኒት አብሮ ሲኖር ደግሞ በሰውነት ያለው ፖታስየም ይወርድና አደጋው ይብሳል።

አሚዮዳሮን ሌላው ነው። ጠንካራ መድኃኒት ነው፣ ሰው ያድናል። ነገር ግን የእንቅርት ዕጢን፣ ሳንባን፣ ጉበትን ሊነካ ስለሚችል በየጊዜው የደም ምርመራ ይፈልጋል። ቆዳንም ለፀሐይ ስስ ያደርጋል፤ በኩዌት ፀሐይ ጣራ ላይ ልብስ ለምታሰጣ ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታትና ወራት ስለሚፈጅ ካቆምሽው በኋላም ለሐኪም መንገር አለብሽ። ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ ዋርፋሪኑን፣ ከዲጎክሲን ጋር ሲወሰድ ዲጎክሲኑን ያበረታዋል።

እንደ ቢሶፕሮሎል፣ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉት ደግሞ በድንገት ሲቋረጡ ልብ እንደ ተፈታ ፈረስ ሊጋልብ ይችላል። አስም ካለብሽም ከመጀመርሽ በፊት መናገር ይገባሻል።

አንድ የማልረሳው ታሪክ አለ። አሜሪካ ውስጥ የልብ ድካም አደጋ ያለፋቸውና የልብ ምታቸው የሚዘል ሰዎች ኤንካይናይድ እና ፍሌካይናይድ የሚባሉ መድኃኒቶች ተሰጣቸው። መድኃኒቶቹ የሚዘለውን ምት በደንብ አረጋጉት። ሆኖም በ1989 ጥናቱ ሲታይ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል የሞቱት መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከወሰዱት በልጠው ተገኙ፤ የነዚህ መድኃኒቶች ሙከራም ተቋረጠ። ፍሌካይናይድ ዛሬም ለተመረጡ ሰዎች ይታዘዛል፣ ለነሱ ጠቃሚ ነው። ለሌላ ዓይነት ልብ ግን ይገድላል። እኔ ከዚህ የተማርኩት ይህን ነው፦ «ምቱ ረጋልኝ» ማለት «መድኃኒቱ ተስማማኝ» ማለት አይደለም፤ ለጓደኛዬ የጠቀማትም ለእኔ ይጠቅመኛል ማለት አይደለም።

በየሳምንቱ የማያቸው ስህተቶች

የመጀመሪያው የእኔው ስህተት ነው፤ ያመለጠን ማካካስ። ዕዳ ይከፈላል፣ ያመለጠ ክኒን ግን አይከፈልም። በቀኑ ውስጥ ቶሎ ካስታወስሽ ምን እንደምታደርጊ፣ ቀኑ ካለፈ ደግሞ ምን እንደምታደርጊ ለእያንዳንዱ መድኃኒት አስቀድመሽ ሐኪሙን ጠይቂና አጽፊ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ግን ደርበሽ አትዋጪ።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። አትሳቂ፣ የእውነት ነው! የኩዌትና የኢትዮጵያ ሰዓት እኩል ነው፤ አቆጣጠሩ ግን ይለያያል። ከአገር ቤት አዲስ የመጣች ልጅ መድኃኒት ቤቱ «8» ብሎ ሲጽፍላት በእኛ 8 ሰዓት መሰላት። እነሱ ያሉት በእኛ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ነው። እሷ ቀን 8 ሰዓት ላይ ትወስድና የሌሊቱን 8 ሰዓት እንቅልፍ ይወስዳታል። ለሳምንታት ግማሹን ብቻ ነበር የምትወስደው። የአረብኛ ቁጥርም ያሳስታል፦ 7 አፉ ወደ ላይ፣ 8 አፉ ወደ ታች ነው፤ 5 ቁጥራቸው ደግሞ እኛ የምናውቀውን ዜሮ ይመስላል። መድኃኒት ቤት ሳለሽ በአማርኛ ጽፈሽ፣ መልሰሽ አንብበሽ አረጋግጪ። የስልክ ማንቂያ ሙዪ። «መግሪብ ሲያዝን እወስዳለሁ» የምትሉም አላችሁ። የመግሪብ አዛን በታኅሣሥና በሰኔ መካከል ሁለት ሰዓት ያህል ይለያያል፤ ሰዓቱን ይዘሽ ብትሄጂ ይሻላል።

ሦስተኛው ከአገር ቤት በሰው የሚመጣ ክኒን ነው። እናት ተጨንቃ፣ ከካርቶኑ አውጥታ፣ በፌስታል ጠቅልላ ትልካለች። ዋርፋሪንን በቀለሙ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። ግን ቀለሙ በየአገሩ ይለያያል። ሮዝ ዋርፋሪን በእንግሊዝ 5 ሚሊግራም ነው፤ በአሜሪካ ሮዙ 1 ሚሊግራም ነው። «ሮዟን ነው የምወስደው» ብለሽ አምስት እጥፍ ልትወስጂ ትችያለሽ ማለት ነው። ከነካርቶኑ፣ ከነስሙ፣ ከነሐኪሙ ወረቀት ካልሆነ አይላክልሽ። ስሙ ያልታወቀ ክኒን አየር ማረፊያ ላይም መዘዝ አለው፤ ላመጣልሽ ሰውም ጭምር።

አራተኛው ለሌላ ሕመም የምንገዛው መድኃኒት ነው። ወገቤን አመመኝ ብለሽ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ ብትወስጂ፣ ከዋርፋሪን ጋር ሆድ ውስጥ ሊያደማሽ ይችላል። አስፕሪንም እንደዚሁ ነው። ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል የዋርፋሪንን ኃይል ይጨምራሉ። ክላሪትሮማይሲን ዲጎክሲንን ከፍ ያደርጋል፤ ከልብ ምት መድኃኒት ጋር አብረው ምቱን የሚያዛቡ ሌሎች ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶችም አሉ። አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ የጉንፋን ክኒኖች ራሳቸው ልብ ያስሮጣሉ። መድኃኒት ቤት ስትገቢ መጀመሪያ «የልብ መድኃኒት እወስዳለሁ» በይ፤ በአረብኛ «አኽድ ዳዋ ቀልብ»፣ ዋርፋሪን ካለሽ ደግሞ «ሙሰዪል ሊል ደም»። ጥርስ ከመነቀልሽ፣ መርፌ ከመወጋትሽ፣ የወሊድ መከላከያ ከመግዛትሽ በፊትም ተናገሪ። ዋርፋሪንና አሚዮዳሮን ፅንስን ይጎዳሉ፤ እርግዝና የምታስቢ ወይም የምትጠረጥሪ ከሆነ በራስሽ ከማቆም ፈጥነሽ ሐኪም ማየት ይሻልሻል። የወር አበባሽ ከወትሮው በጣም ከበዛም ዝም አትበይ።

አምስተኛው «አዲሱ ይሻላል» የሚለው ወሬ ነው። ምርመራ የማይፈልግ፣ ምግብ የማይከለክል አዲስ የደም ማቅጠኛ አለ፣ ቀይሪ ይሉሻል። እውነት ነው አለ፤ ለብዙ ሰውም ጥሩ ነው። ነገር ግን ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ ከ4,500 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2022 የታተመ ጥናት፣ በልጅነት ቶንሲል የተጎዳ ልብ ኖሯቸው ምታቸው ለተዘበራረቀ ሰዎች ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን ይልቅ የድሮዎቹ፣ እነ ዋርፋሪን፣ ተሽለው መገኘታቸውን አሳይቷል። ብዙዎቻችን ያለን ሕመም ይህ ነው። ስለዚህ ዋርፋሪን ላይ ካለሽ አይኤንአር የሚባለውን የደም ምርመራ አትዝለዪ። ለብዙ ሰው የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ባለው መካከል ነው፤ የተተከለ ብረት ቫልቭ ላለው ከፍ ሊል ይችላል፤ የአንቺን ሐኪምሽ ይወስናል። ጎመንም አትከልከዪ፤ አንድ ሳምንት በገፍ፣ አንድ ሳምንት ባዶ አይሁን እንጂ፣ እኩል እኩል ብዪ።

ስድስተኛው ሙቀት ነው። በ2016 ሐምሌ ሚትሪባ ላይ የተለካው 53.9 ዲግሪ በዓለም ከተመዘገቡት ከፍተኛ ሙቀቶች አንዱ ነው። መኪና ውስጥ፣ ምድጃ አጠገብ፣ ኤሲ የሌለው የጣራ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ክኒን ይበላሻል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዲግሪ አንብቢ። መታጠቢያ ቤትም አታስቀምጪው፤ እርጥበት አለ።

ሰባተኛው ጾምና ፀበል ነው። ሙስሊም ከሆንሽ ረመዳን ሳይገባ፣ ክርስቲያን ከሆንሽ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሐኪምሽን ስለ ሰዓቱ ጠይቂ፤ በራስሽ አትቀይሪ። የረመዳን ሌሊት ሥራ መብዛቱንም ንገሪው። ለፈረንጅም ለዐረብም ሐኪም ፀበል ምን እንደሆነ ማስረዳት ይከብድ ይሆናል፤ ለአንቺ ግን ልንገርሽ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከፀበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። ለልብ መድኃኒትም ይኸው ምክር ይሠራል እላለሁ። ለዕረፍት አገር ቤት ገብተሽ ፀበል ስትገቢ ክኒኑን ይዘሽ ግቢ።

«ከነገርኳቸው ይመልሱኛል»

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ይህን ሁሉ ስናገር አንዲት እህት «አንቺ ምን አለብሽ፣ እኔ እኮ ክኒኑን የምደብቀው ወድጄ አይደለም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከደሞዟ አባቷ ይታከማል፣ እህቷ ትማራለች። ልቧ መታመሙ ከታወቀ ቲኬት ተቆርጦላት በሳምንት ውስጥ አዲስ አበባ ልትሆን ትችላለች። እንዲህ የሆኑ ስላሉ «አይሆንም» ብዬ አልዋሽሽም።

ግን መደበቅ ምን እንደሚያስከትል አብረን እንቁጠር። የደበቅሽው ክኒን ሲያልቅ ማን ይገዛልሻል? ስትወድቂ ለአምቡላንስ ሠራተኛ ምን እንደምትወስጂ ማን ይነግረዋል? ዋርፋሪን እንደምትወስጂ ያላወቀ ሐኪም ዲክሎፌናክ ቢወጋሽ ጥፋቱ የማን ነው? ድብቅ ሕመም ሥራሽን አይጠብቅልሽም። የተደበቀው ነገር የሚወጣው አንቺ መናገር በማትችዪበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ እኔ የምመክረው «ሁሉንም ለሁሉም ንገሪ» አይደለም። በቅደም ተከተል አድርጊው። መጀመሪያ ለሐኪም፣ ምንም ሳትደብቂ። ባባ ወይም መዳም እያስተረጎሙልሽ ከሆነና ካፈርሽ፣ ነርሷን ብቻዋን ጠይቂ። ሁለተኛ ለአንዲት የምታምኛት ጓደኛ፤ የወረቀትሽ ኮፒ እሷ ጋ ይኑር። ሦስተኛ ለአሠሪ፤ ግን እንደ ልመና ሳይሆን እንደ ሥራ ጉዳይ፦ «ይህን ክኒን በሰዓቱ ከወሰድኩ ሥራዬን እሠራለሁ፤ ካልወሰድኩ እወድቃለሁ። ሐኪሙ የጻፈው ይኸው።» እኔ ከሆስፒታል ስወጣ መዳሜን ያልኳት ይህንኑ ነው። መሳቢያው ያን ቀን ተከፈተ። ልጆቹ እንዳይነኩት ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ ቁልፍ ያለው ትንሽ ሳጥን ገዛሁ። ፍርሃቷ ትክክል ነበር፤ የልብ ክኒን ለሕፃን መርዝ ነው። መፍትሔው ግን ከእኔ መንጠቅ አልነበረም።

ፓስፖርትና ክኒን

የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68 የ2015፣ አሠሪ ለሠራተኛዋ ምግብ፣ ልብስና ሕክምና እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ሥራ በቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ በዓመት ደግሞ 30 ቀን ዕረፍት እንዲሰጥ፣ ፓስፖርትም ያለ ፈቃድሽ እንዳይያዝ ይላል። ይህ ሕግ በየቤቱ እንደማይከበር ሁላችንም እናውቃለን። በቤት ውስጥ ገብቶ የሚያይ የለም። ቢሆንም ሕግ መኖሩን ማወቅ ንግግርሽን ይለውጠዋል፤ «እባክሽ አሳክሚኝ» ከማለት ወደ «ሕክምና የእናንተ ግዴታ ነው» ማለት ያደርስሻል። ሕክምና ከተከለከልሽ አቤቱታ የሚያየው የሰው ኃይል ባለሥልጣን ነው፤ ወረቀቶችሽ በእጅሽ ካሉ ደግሞ አቤቱታሽ ክብደት አለው።

በ2011 የወጣውና ኩዌት ያላጸደቀችው ዓለም አቀፉ የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 በአንቀጽ 9 ላይ ሠራተኛ የጉዞና የመታወቂያ ሰነዶቿን በእጇ የመያዝ መብት እንዳላት ይናገራል። ስለ ክኒን የሚለው ነገር የለም። እኔ ግን አንድ ናቸው እላለሁ። ፓስፖርቴ ስሜን ይይዛል፣ ክኒኔ ሕይወቴን ይይዛል። ፓስፖርት በሰው እጅ ሲሆን መውጣት አትችዪም፤ የልብ ክኒን በሰው እጅ ሲሆን መተኛትም አትችዪም። ስለ ፓስፖርት የምንጮኸውን ያህል ስለ ክኒንም መናገር ያለብን ለዚህ ነው።

ጃብሪያ እኮ የሐኪሞች ሰፈር ናት። የሙባረክ አል-ከቢር ሆስፒታል እዚህ ነው፣ የሕክምና ፋኩልቲው እዚህ ነው፣ የደም ባንኩ እዚህ ነው። እዚህ ኖረን ክኒን በፌስታል ከአዲስ አበባ ማስመጣታችን ያሳዝነኛል። ሲቪል አይዲሽን ይዘሽ ከሰፈርሽ ሙስተውሰፍ ጀምሪ፤ ወደ ልብ ሐኪም የሚልክሽ እሱ ነው።

በዚህ ዕረፍት ቀንሽ

አንድ ወረቀት አውጪ። በአንድ ጎን በአማርኛ፣ በሌላው ጎን ነርስ ወይም መድኃኒት ቤት በአረብኛና በእንግሊዝኛ ይጻፉልሽ፦ የሕመምሽን ስም፣ የእያንዳንዱን ክኒን ስም፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደምትወስጂ፣ የማይስማማሽን መድኃኒት፣ የመጨረሻ ምርመራሽን ቀን። 2.5 ከሆነ ነጥቧ በደንብ ትታይ፤ 25 እንዳትሆን። ወረቀቱን በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ አንዱን ከሲቪል አይዲሽ ጋር አድርጊው። ክኒን ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቀጠሮ ያዢ፤ የሦስት ቀን ክኒን ደግሞ ስሙ ከተጻፈበት ማሸጊያው ጋር ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ለሻሌ።

ምትሽን መቁጠርም ተማሪ። ተቀምጠሽ፣ ሁለት ጣት አውራ ጣትሽ ሥር የእጅ አንጓሽ ላይ አድርገሽ፣ ስልክሽን እያየሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። ላረፈ ሰው ከ60 እስከ 100 የተለመደ ነው። የአንቺ ከስንት በታች ሲወርድ ክኒን ሳትወስጂ መደወል እንዳለብሽ ሐኪምሽን ጠይቂና ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ ጻፊ።

ራስሽን ከሳትሽ፣ ደረትሽን ካመመሽ፣ ተኝተሽ መተንፈስ ካቃተሽ፣ ፊትሽ በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ እጅሽ ከዛለ፣ ንግግርሽ ከተሳሰረ፣ ጥቁር ሰገራ ወይም የደም ትውከት ካየሽ፣ ዋርፋሪን ላይ ሆነሽም ራስሽን ክፉኛ ከተመታሽ አትጠብቂ። 112 ደውዪ፤ «አቢ ኢስዓፍ፣ ቀልቢ» በይ። መዳም እስክትነቃ አትጠብቂ።

ወደ አገር ቤት ለመመለስ ካሰብሽም ክኒኑን ሳትይዢ አትሂጂ፤ የምርመራ ወረቀትሽንም ጨምሪ። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለውን የልብ ማዕከል ጨምሮ የትም ብትሄጂ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ያን ነው። ቤትሽ ለቶንሲል የሚታመሙ ልጆች ካሉ ደግሞ ለእናትሽ ደውዪላት። እንጥል መቁረጥ ልብን አይከላከልም፤ ጤና ጣቢያ ወስዳ ታሳክማቸው።

እኔ ዛሬም ማታ 2 ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮኻል። ክኒኔ እጄ ላይ ነው። የአንቺስ?